ለአራት ወሯ ልጅ የተመረጠው ክትባት

ሚኒባሱ ደባርቅ መናኸሪያ ገብቶ እስኪቆም ድረስ ጤናዬ በልቧ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ የባለቤቷ አባት የኔታ ሰብስቤ እንዳያስሉ። ከዳባት ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጠው እያሳላቸው፣ ያቀፈቻትን የአራት ወር ልጅ አመተ ማርያምን ጎንበስ እያሉ «እንትፍ፣ እንትፍ! እደጊ የእኔ እመቤት!» ብለው ይመርቋታል። ድፍን ዳባት ተነስቶ የሚቀበላቸውን የድጓ መምህር ማን ደፍሮ «ራቅ ይበሉ» ይላል? ግን አምና በጥቅምት ብርድ የበፊቷ ሕፃን በሳል ታማ ሞታባታለች፤ ፍርሃቱ ገና ከሆዷ አልወጣም።

ትልቁን ልጇን ሚናስን በእጁ ይዘው ከመኪናው እንደወረዱ ከሃና ጋር ተገጣጠሙ። ሃና ዳባት የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ አሁን ደባርቅ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት።

«የኔታ! እንደምን አደሩ? ምን እግር ጣለዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መጥቷል ሲሉ ሰምተን ነው። ይህችን ጨቅላ አስቀድመሽ ከትቢልኝ። ወንድሟ ሚናስ አራት ዓመቱ ነው፣ ጠንክሯል፤ ቢቀርበትም ግድ የለም።»

ሃና አብራቸው ሄዳ በክሊኒኩ በር ካለው አግዳሚ አስቀመጠቻቸው። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ክትባት ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም» አለች።

ጤናዬ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ደካማውን ትቶ ብርቱውን የሚጠብቅ ምን ያለ መድኃኒት ነው?» አሉ የኔታ። «እንግዲያው መጠኑን ቀንሰሽ ስጫት!»

«ቢቀነስም አይሆንም። ስድስት ወር ሲሞላት ትምጣ። ሚናስ ግን ዛሬ ይወጋል፤ የመጀመሪያው ስለሆነም ከወር በኋላ ይደገምለታል። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይበቃዋል።»

«በአፍንጫ የሚረጭ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች ጤናዬ። «መርፌ በጣም ይፈራል።»

«አለ፤ ሁለት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ነው። የሚናስ ደረት ግን ሲር ሲር ይል የለም? አስም ላለበት ልጅ መርፌው ይሻላል።»

«ታዲያ ሕፃኗን ማን ይጠብቃት?» አለች ጤናዬ።

«እናንተ። በሽታውን ከየት ታመጣዋለች? ከሚያቅፋትና ከሚስማት ሰው ነው። ዛሬ ለእሷ የሚመረጠው ክትባት እናንተ የምትወጉት ነው።»

የኔታ ተቆጡ። «ሰባ ዓመት ያለ መርፌ ኖሬአለሁ! የእኔ ምርቃት በረከት እንጂ በሽታ ነው እንዴ?»

«በረከቱ ቃልዎ ላይ ነው፣ የኔታ። ምራቁ ግን የሚያስለው ሰው ምራቅ ነው።»

ታላቅን ማረም በእኛ ዘንድ ከባድ ነው። አክባሪ መስለን ዝም እንላለን፤ ይሉኝታችን ግን ሕፃኑን ከበሽታ አያስጥለውም።

የኔታ ዓይናቸውን ወደ ሕፃኗ መለሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አምናም እያሳለኝ እመርቃት ነበር። ያቺ ልጅ... በእኔ ይሆን?» አሉ።

ጤናዬ ቀና ብላ አየቻቸው። ይህንን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ታቅፋው ኖራለች፤ አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችውም።

«ይህንን የሚያውቅ የለም» አለች ሃና። «ይህችኛዋን ግን ከአሁኑ መጠበቅ እንችላለን።»

የኔታ ጋቢያቸውን ገልጠው ክንዳቸውን ሰጧት። «በሽታውን ራሱን አያመጣብኝም?»

«አያመጣም። ክንድዎን ሊያምዎት፣ ትንሽም ሊያተኩስዎት ይችላል።» ሙቀታቸውን ለክታ ትኩሳት እንደሌላቸው ካየች በኋላ ወጋቻቸው። ጤናዬም ተወጋች፤ ሚናስ ክሊኒኩን በጩኸት አናወጠው። «ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል» አለች ሃና። «ሁሉንም ጉንፋን አይከለክልም፤ የሚብሰውን ግን ይቀንሳል። ሳሉ እስኪለቅዎት ከሩቅ ይመርቋት።»

እንግዲህ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ለየዕድሜው የሚገባውን ያወቀ ቤተሰብ ሚናስን ከከፋ ሕመም ያድናል፣ ለመከተብ ያልደረሰችዋንም በዙሪያዋ ባሉት ይከልላታል።

በመመለሻው ሚኒባስ የኔታ እንደ ልማዳቸው ከጤናዬ አጠገብ ሊቀመጡ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ጤናዬ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ «የኔታ... ከኋላ ቢቀመጡልኝ?» አለች።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። የኔታ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አምና ይህንን እንድትዪኝ አላስደፈርኩሽም» አሉና ወደ መጨረሻው ወንበር አለፉ።