የደቦዋ ክፍል

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዲን ዶክተር ቴዎፍሎስ፣ ከቡሬና ከደምበጫ ድረስ የመጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፦ ለአንድ ቁጡ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የጡረታ ስንብት ይህን ያህል ሰው ይሰበሰባል ብዬ አልጠበቅሁም። እግዜር ይስጥልኝ። ግማሾቻችሁ መሄዴን ለማረጋገጥ እንደመጣችሁም አውቃለሁ።

"ጥብቅ ነው" ተባልኩ። ነኝ። ፈረስ ቤት ከተማ ከቄስ ፊደል ቆጠርኩ፤ የቀረውን ብቻዬን እያነበብኩ ደረስኩበት። ያለ ጸጥታ የተገኘ ትምህርት አላውቅም። እናም በዚህ የድኅረ ምረቃ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ስትስቁ አስወጣኋችሁ፤ ስልካችሁ ሲጮህ አስወጣኋችሁ። ዛሬም ቢሆን አስወጣችኋለሁ።

ግን አንድ ነገር ላንሳ።

ሰርካለም ዛሬ እዚሁ ታስተምራለች። ያኔ ተማሪ ነበረች። መመረቂያ ጽሑፏ ስለ ቡሬ በርበሬ ነጋዴዎች ነበር። መጠይቁን አዘጋጅታ ገበያ ልትወጣ ስትል ወለደች። አራስ ገበያ አትውል፣ ማስረከቢያው ቀን አይራዘም። የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት ባሏ ይዞልኝ መጣ። "ትታዋለች" አለኝ።

በማግስቱ የክፍል ጓደኛዋ ቸኮለ ሌሎቹን አስከትሎ ደረሰ።

"ጋሼ ባምላኩ፣ ለሰርካለም ደቦ ልንወጣ ነው።"

"የሰው ጥናት በደቦ አይሠራም!"

"ማሳው የሷ ነው ጋሼ። እኛ አጨዳውን ብቻ። ውቂያው የራሷ ነው።"

"የደቦው ድግስስ?"

"ምረቃዋ!"

መምህሯም ፈቀዱና ልጆቹ መጠይቁን ይዘው ቡሬ ገበያ ተበተኑ። አማርኛ የማይቀናቸውን የአዊ እናቶች ከልጆቹ አንዱ፣ ቢሆነኝ የሚባለው፣ በአገውኛ ጠየቃቸው። ነጋዴዎቹማ "ግብር ልትጨምሩብን ነው!" ብለው ሸሹ። ቸኮለ ኩንታል በርበሬ ተሸክሞላቸው፣ እያስነጠሰ ነው ያሳመናቸው።

ከዚያ ሰርካለም ልጇን አዝላ ለውቂያው መጣች። ሕፃን ንባብ ቤት አይገባም አልኩ። ደንብ ደንብ ነው። ታዲያ ማን ይያዘው? እኔ ያዝኩት። ምን ያስቃችኋል? በረንዳው ላይ እሹሩሩ ስል ያላየኝ አለ?

ለማጥባት ስትወጣ ስትገባ አላስችል አለኝ። ስብርባሪ ወንበር የሞላባትን የኋላ ክፍል ጠረግሁላት። እዚያ እያጠባች ጻፈች፤ ተመረቀች። ከዚያ ወዲህ የታመመ፣ ሐዘን የገባው፣ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ ሁሉ በዚያች ክፍል ደቦ ተወጥቶለታል። በዚህ ግቢ ሳቅና ወሬ የፈቀድኩት እዚያ ብቻ ነው። የትምህርት ቤታችን ትልቁ ውጤት የቱ ነው ብትሉኝ፣ ያችን ክፍል አሳያችኋለሁ።

አሁን ቢሮ ልትሆን ነው ሲባል ሰማሁ። ክቡር ዲን፣ እውነት ነው? መልስ እስካገኝ አልቀመጥም። ምሳው ይቀዝቅዝ።

አልቸኩልም፣ ያስቡበት። እግሬ ደህና ነው።

"አትነካም" አሉ! ከኋላ ያላችሁ ሰማችሁ? ቸኮለ፣ አንተስ? እንግዲህ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።

ሰርካለም፣ ነይ የክፍሏን ቁልፍ ተቀበይኝ። ልጅሽ እዚያ እንደልቡ ይጫወት፤ ንባብ ቤት ግን ማንበብ ሳይችል እንዳይገባ።

የጀመራችሁትን ለመጨረስ ያብቃችሁ። ማሳችሁ አጫጅ አይጣ፤ ድግሳችሁ እንግዳ አይጣ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ኃላፊ ከእኔ የባሰ ቁጡ ይሁንላችሁ፤ ልጅ ማቀፍም ይወቅ።

በሉ፣ አሁን ልቀመጥ።