ትርፍ ያሏት ልጅ

ነይ የኔ ወለላ፣ መስታወቱ ፊት ቁሚ። ሆድሽ በአንድ ሳምንት እንዲህ ገፋ? ግድ የለም፣ ወገቡን እናሰፋዋለን። እትዬ፣ በሩ ጋ ነፋሱ አልበዛብዎትም? ለሰኞ ያሉት ቀሚስዎ ደርሷል፣ ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረኝ... እስከዚያ እኛም እንጫወት።

ማን ልታዋልድሽ ነው? ትርፌ? ታድለሽ! እጇ እኮ መድኃኒት ነው። የተወለደውን ሁሉ ገና ሳይታጠብ «እንኳን ደህና መጣህ» ትለዋለች አሉ። ከየት ለመደችው? ከቤቷ ነዋ! እናቷ እንግዳ ተቀባይ ናት። ከሦስት ልጆች በኋላ ሳትጠራ ለመጣች ሕፃን እንኳ ስም አልነፈገቻትም፤ «ትርፍ» አለቻት። አርቆ ማየት ማለት ይኼ አይደል? ትርፉ ኋላ ለማን እንደሚደርስ ያኔ ማን ያውቅ ነበር...

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይላሉ። እኔ እንጃ፤ ትርፌ ያደገችው በእህቶቿ ቀሚስ ነው። እናት ደግሞ አዛኝ ናት፤ ቤተሰቡ ፎቶ ሲነሳ «ልጄን ብርሃኑ ዓይኗን እንዳይወጋት» ብላ ካሜራውን ለእሷ ትሰጣታለች። ይኸው፣ አንዱም ፎቶ ላይ የለችም፤ ሁሉንም ያነሳችው ግን እሷ ናት።

ቤት ያለው ጠረጴዛ የእህቶቿ ስለነበር የምታጠናው እዚህ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን ነበር። አንድ ቀን ከደብተሯ ቀና ብላ «ብጠፋ እቤት የሚፈልገኝ ይኖራል?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ሳህኑ ሲከመር ይፈልጉሻል» ልበላት? ጥቁሩን ክር አቀብይኝ አልኳት... እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሆና የተሾመች ዕለት እናት «ተንሰፍስፌ ያሳደግኋት!» እያለች ከሁሉ ቀድማ አዳራሹ ገባች። ልጅቷ ጨዋ አይደለች? ግራ ቀኝ ስማ ጥሩ ቦታ ሰጠቻት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ከዚያ እኮ ሁሉም ይታያል። ፊት ማን ተቀመጠ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ... ወንበሩ ግን ለወገቤ ተስማምቶኝ ነበር።

ኧረ አትሳቂ፣ መርፌው ይወጋሻል!

አሁን ሦስቱ የተወደዱት «ቤታችን ጠበበ» ስላሏት፣ እናት ጓዟን ጠቅልላ ሰኞ ትርፌ ዘንድ ልትገባ ነው አሉ። የወለደ ምን ይቸግረዋል?

እኔማ ዕድሜ ይስጣት ነው የምለው። ትርፌም ልክ እናቷ እንዳሳደገቻት አድርጋ ትጡራት፤ ቅንጣት ሳታጎድል... አሜን በይ እንጂ! እትዬ፣ እርስዎስ? ምርቃቱ እኮ ለእርስዎ ነው፣ አሜን ይበሉ።