የተናጠው ቫርኒሽ

እቴ ዘሃራ፣ አካም ቡልተኒ? ደኅና አደሩ? ከሮቢት መቼ ገቡ? የጨፋ ማሽላ እንዴት ነው፣ ወፍ አልጨረሰውም? አልሐምዱሊላህ። ይቀመጡ፣ እዚህች በርጩማ ላይ... አይፍሩ፣ ቅቧ ደርቋል። እኔ ሳይደርቅ ሰው አላስቀምጥም።

ልጅዎ ዓፊያስ? ሐሙስ ሰርጓ ነው አሉ፣ ማሻ አላህ! ያዘዙላትን አልጋም አየሁት። ማን ያላየው አለ? ከአስፋልቱ ማዶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደሴ መኪና ሁሉ እያዘገመ ያየዋል። ጎረቤቴ... ስሙን ምን አስጠራኝ፣ ይኸው መጋዙን አቁሞ ጆሮው ብቻ ሥራ ላይ ነው... ጎረቤቴ እጁ ፈጣን ነው። የሌላው ሰው እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የሱ በአንድ ቀን ሮጠ!

የቀባው ያን በውሃ የሚቀጥነውን ቫርኒሽ ነው። ዓምና እኔ ከአዲስ አበባ ሳስመጣው፣ “ውሃ እንጨት ያበሰብሳል እንጂ ያሳምራል?” ብሎ ሰፈሩን አስቆብኝ ነበር። ዘንድሮ “ለከሚሴ ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ” ይላል አሉ። ደግ ሰው ነው እኮ... የሰውን ድካም እንኳ ተሸክሞ ይዞራል።

ይሄ ቫርኒሽ በቆርቆሮው ውስጥ ሲያዩት ወተት ነው፤ እንጨት ላይ ሲደርቅ ነው የሚጠራው። የኔ አስተማሪ የቆርቆሮው ጀርባ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ሳምንት አነበብኩት። “ቀስ ብለህ አማስል፣ አትነቅንቅ” ይላል። ለምን? አረፋ ይይዛላ! እሱ ግን የከብት አርቢ ልጅ ነው፣ ወተት ሲያይ እጁ አልቻለም... ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ናጠው፣ እቴ! ላም አለኝ በሰማይ ይሉ የለ፣ እሱ ላሚቱን ትቶ ወተቷን በቆርቆሮ አገኘ። ቅቤውም ወጥቷል፤ ራስጌው ላይ ጠጋ ብለው ይዩት፣ የደረቀው አረፋ ችፍ ችፍ ብሏል። ምቀኛ ጉድለት ይለው ይሆናል፤ እኔ ጌጥ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስረዳዎት፣ አይቸኩሉም አይደል? እንጨት ውሃ ሲነካው ጸጉሩ ይቆማል፣ ብርድ እንደነካው ክንድ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅብ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት እሽት እሽት ይደረጋል፣ ብናኙ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው ሁለተኛው። ጎረቤቴ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል? ሦስቱንም ቅብ ሳያሽ በላይ በላዩ ደረበው። በልበ ሙሉነት ማን ይችለዋል...

የኔ ጭንቀት እግሮቹ ናቸው። አራቱንም እንጨት ማዞሪያው ቶርኖ ላይ አዙሬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ዋንዛ ናቸው፣ ስሰጠው እንደ ሐር ነበሩ። ሐሙስ የዓፊያ አማት መጥታ እጇን አሳልፋባቸው፣ “ይሄን እግር ማን ሠራው?” ስትል፣ “ሙጂብ ነው” ተብሎ የኔ ስም ሊነሣ ነው። ቅቡን ማን ይጠይቃል?

አላመኑኝም? ይሂዱና ጥቂት ጥጥ እግሩ ላይ ያሳልፉ። ጥጡ ከእጅዎ ጋር ከተመለሰ ቀጣፊው እኔ ነኝ። እንጨቱ ላይ ከቀረ ደግሞ... ምን ክፋት አለው? ዓፊያ አልጋም ጥጥ ማባዘቻም በአንዴ አገኘች ማለት ነው። አንሶላዋም ከላዩ አይንሸራተት!

ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው፤ ታሽቶ እንደገና ቢቀባ ለሐሙስ ይደርሳል። በነጻ እሠራው ነበር። ግን እኔ ለሱ ምን ብዬ ልንገረው? አዋቂ እኮ ሲነግሩት ይከፋዋል። እናት ብትናገር ነው የሚያምረው...

ኧረ ይዩት፣ ይዩት! ተነሥቶ አልጋውን በሸራ እየሸፈነ ነው። ትሕትናው! ሥራው እንዲታይለት እንኳ አይፈልግም።

እኔ ቂም የለኝም፣ እቴ። ወላሂ፣ ዱዓ ነው የማደርግለት፤ አሚን ይበሉኝ። አላህ እጁን ይባርክለት። ቤቱን ይሙላለት። ያቺን ትንሿን ልጁን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት... የሰርጓም ቀን ሲደርስ፣ አልጋዋን የሚሠራላት ደኅና አናጢ አያሳጣው።