እሳት የማይጠፋበት ሆቴል

ለአንድ ጉዳይ ከዳባት ደባርቅ በሄድሁ ጊዜ በረዶ ያዘኝና አቶ ገዱ ሆቴል ዘው ብዬ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይም ሆነ በባዶ ቤት የሚበራ አምፖል ሳይ ያንገበግበኛል። እዚያ ደግሞ ዝር የሚል ሰው የሌለበት ኮሪደር ሁሉ በርቷል። ክርክሩም ከእኔ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር።

ባለቤቱ አቶ ገዱ ባንኮኒውን ተደግፈዋል። ከአጠገባቸው የእህታቸው ልጅ የትናየት አለች፤ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቃ ከጎንደር መመለሷ ነው። የአጥር ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ደግሞ ከወፍጮ ቤታቸው ዱቄት እንደለበሱ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።

«አያ ገዱ፣ ወፍጮዬ መዞር አቃተው። ከገጠር እህል ጭነው የመጡት ሰዎች ሳይፈጩ ማደራቸው ነው። እንዲህ ከሆነ ነቅዬ ሌላ አገር እሄዳለሁ፤ ልጆቼን የማሳድገው በእሱ ነው።»

«እኔ ምን አደረግሁሽ?» አሉ አቶ ገዱ።

«አጎቴ፣ ትራንስፎርመሩ የጋራችሁ ነው» አለች የትናየት። «ከአሥራ ስድስቱ ክፍሎች እንግዳ ያለው በሦስቱ ብቻ ነው። በባዶዎቹ ግን የክፍሉ ማሞቂያም የውሃ ማሞቂያው ቦይለርም ቀን ከሌት ይሠራል። ለወፍጮው የሚተርፍ ኃይል የለም። እባክዎ እናጥፋው።»

«አላደርገውም! አገር ቤት፣ አምባራስ ሳለን የእናቴ ምድጃ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። መንደሩ ሁሉ እሳት ሊጭር የሚመጣው እኛ ዘንድ ነበር። እኔ ታዲያ ብርድ የመታውን እንግዳ ቀዝቃዛ ቤት ላስገባው?»

ስሕተታቸው ከደግነታቸው የመጣ ስለሆነ ልቆጣቸው አልቻልሁም። የትናየት ግን አልተበገረችም።

«አያቴ ሰው በሌለበት ሰዓት ሁሉ እንጨት ይማግዱ ነበር?»

«ምን በወጣት! ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች እንጂ። እንግዳ ሲመጣ ገልጣ እፍ ማለት ነው።»

«እርስዎስ ለምን አያዳፍኑም? ተራራ ሊጎበኙ የወጡት እንግዶች ከዚያ ሲነሡ መሪያቸው ይደውልልናል። ያን ጊዜ አበራዋለሁ፤ እስኪደርሱ ክፍሉም ውሃውም ይሞቃል። ቀዝቅዞ ካገኙት ያባርሩኝ።»

አቶ ገዱ እኔን አዩኝ። «ልጅቱ እውነቷን ነው» አልሁ፣ ሳልጠየቅ።

«በይ አጥፊው» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው።

የትናየት ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረች። የመጨረሻውን ስታጠፋ ከአጥሩ ማዶ ሲያቃስት የነበረው ወፍጮ ድምፁ ሞላ። ወይዘሮ ዘቢደር ደኅና ዋሉ ሳይሉ ሮጡ።

ወደ ማታ መሪው ደወለ፤ የትናየትም የሚያድሩባቸውን ክፍሎች ብቻ አበራች። በኋላ እንግዶቹ እየተንቀጠቀጡ ገቡ። አቶ ገዱ ቀድመው በየክፍሉ እየገቡ ቧንቧውን ከፍተው ውሃውን በእጃቸው ፈተሹ። ይፋጃል።

እኔ ለመምህር ደንብ ያህል፣ ባዶ ክፍል ካልሞቀ ማሞቂያው ዕድሜ እንደሚያገኝ፣ ትራንስፎርመሩ እንደማይቃጠል፣ ሰፈሩም ጨለማ ውስጥ እንደማይቀር መዘርዘር ጀመርሁ። አቶ ገዱ ግን የሚሰሙት ወፍጮውን ነበር።

«እናቴ ለጎረቤት እሳት ትሰጥ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ለካ የጎረቤቴን ስወስድ ነው የኖርሁት።»

ወጥተው ወደ አጥሩ ሄዱ።

«ዘቢደር! ወፍጮሽን እንዳትነቅዪ! ነገም እሳት አለልሽ!»