ወሬው ከዐስር በኋላ

የካቲት ፳፻፲፬ መጨረሻ ላይ ነው። መርሳ መናኸሪያ የወልድያን መኪና ስጠብቅ ሸህ ኑርሁሴንን አገኘኋቸው። የተማሪዬ የሁሪያ አያት ናቸው። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ ፊታቸው ጨፍግጓል።

«እንዴት አደሩ ሸህ? ወዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ መምህር። ወደ ውርጌሳ ነኝ። ይህን የሁሪያን ስልክ ለአክስቷ ሰጥቼ ልገላገል! ልጅቱ ዓይኗን አትነቅልም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው። ከወደቀች ዘመዶቼ ‹ከእንግዲህ ባል ፈልጉላት› ይላሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ደነገጥኩ። ሁሪያ ብርቱ ተማሪ ናት። የትምህርት ቤታችን መጻሕፍት በጦርነቱ ስለጠፉ ሁሉንም በስልክ ነበር የላክንላቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሸህ፣ ስልኩን ወሰዱባት ማለት መጻሕፍቷን ወሰዱባት ማለት ነው።»

«መጽሐፍማ ቢሆን ምን ገዶኝ! ሥዕል ስታገላብጥ ነው የማያት» ብለው ቆጣ አሉና ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ መምህር፣ በቆቦ በኩል ስለ ጦርነቱ ምን ይባላል? እስቲ ስልክህን አውጣና እይልኝ።»

አወጣሁ። አንዱ «መጡ» ይላል፣ ሌላው «ሄዱ» ይላል፤ ከዚያ የማላውቀው ሰው ሠርግ፣ ከዚያ አንድ የሚያስቅ ድመት... ቀና ስል የወልድያው መኪና ሞልቶ ሄዷል። መምህር ተብዬው!

ሸህ ሳቁ። «አንተም አለህበት!»

«አለሁበት። ግን ሸህ፣ ሁሪያንስ እንዲህ ‹ምን ይባላል› እያሉ ይጠይቋታል?»

ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

«ሱብሂ እንደሰገድኩ እጠይቃታለሁ። ቁርስ ላይም። ሰው በበር ሮጦ ባለፈ ቁጥርም። ምን ላድርግ? ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ልጄ ሙሐመድዘይን ደሴ እያለ፣ ይሙት ይኑር ሳላውቅ ወራት አነባሁ። አሁን በሰላም ቤቱ ገብቷል፤ ልቤ ግን አላመነም።»

አንጀቴን በሉት። ጨቅጫቃ ሽማግሌ መስለውኝ ነበር፤ ለካ የተጨነቁ አባት ናቸው።

«በፍርሃትዎ ማንም አይፈርድብዎትም» አልኳቸው። «ወሬ ፍለጋ በከፈተችው ቁጥር ግን ስልኩ ሌላ ሌላውን ያሳያታል፤ እንደ እኔ ትቀልጣለች። ስለዚህ ስልኩን አናባርረው፤ ሰዓት እንስጠው። ዳታው ጠፍቶ ይዋል፣ መጽሐፉ ያለ ዳታም ይከፈታል። የጭንቅ ነገር ከመጣ ይደወላል። ወሬ በቀን አንዴ ብቻ፣ አብራችሁ እዩ። ስትተኛ ደግሞ ስልኩ እርስዎ ዘንድ ይደር።»

«አንዴ ብቻ? በመሀሉ ጦርነቱ ቢመጣስ?»

«ፌስቡክ ላይ የሚጽፈው ሰው የት ሆኖ እንደሚጽፍ አናውቅም። እዚህ ጎረቤታችን ግራና ከተማ የሚያውቁት ሰው የለም?»

«ታደሰ አለ፣ እህል ነጋዴው።»

«እሱ ጋ ይደውሉ።»

«እንግዲያው ወሬው ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ይሁን። እንሞክረው፤ ካልሆነ ውርጌሳ የትም አይሄድ» አሉና ስልኩን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በሳምንቱ ሁሪያን ላስጠና ቤታቸው ተቀምጬ ሳለ ጎረቤታቸው ዘይነባ እየሮጠች ገባች።

«ሸህ! ግራና ሰው እየሸሸ ነው አሉ! ፌስቡክ ላይ ወጥቷል!»

ሸህ ክው አሉ። ዓይናቸው ወደ ሁሪያ ሄደ፤ ግን አልጠሯትም። የራሳቸውን አሮጌ ስልክ አውጥተው ደወሉ።

«ታደሰ! ደህና ናችሁ? ገበያ ላይ ነህ? አልሐምዱሊላህ!» በረጅሙ ተነፈሱ። «ዘይነባ፣ ሰውየው ማሽላ እየሰፈረ ነው። ሌላ ወሬ ካለሽ ከዐስር በኋላ ነይ።»

ሁሪያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ኬሚስትሪዋ ተመለሰች።

ያየሁትን ልመስክር። ልጅቱ ወር ሙሉ ያጓተተችውን ምዕራፍ በቀናት ጨረሰች፤ እንቅልፏም ተመለሰ። አዛውንቱም በኮቴ ድምፅ መባነን ተዉ፤ ለካ ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቃቸው የነበረው አብዛኛው ወሬ እስከ ዐስር እንኳ ዕድሜ የለውም። ይህንኑ ሥርዓት ለክፍሌ ሁሉ ነገርኩ። እኔም መናኸሪያ ስደርስ ስልኬን ኪሴ እከታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መኪና አላመለጠኝም።

ውጤት የወጣ ዕለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«መምህር! ሁሪያ አለፈች! ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው!»

«ሸህ፣ ገና ዐስር እኮ አልደረሰም» አልኳቸው።

«ዝም በል ወዲያ! ሙሐመድዘይን ሰምቶ እየመጣ ነው፤ ባል ፈልጉላት ላሉትም አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው። ይህን ይዞ ዐስር ድረስ ማን ይጠብቃል!»