ሁለት ጊዜ የተለቀሰላት አክስቴ

እንደምን ዋልሽ ሐኒ? ሙቀቱ አይጣል ነው ዛሬ። ከመንደር እስከዚህ በባጃጅ ስመጣ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ጠጥቼው ነው የደረስኩት። እንቺ፣ ማንጎ ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ የጓሮ ነው። አክስቴ የተከለችው ዛፍ ዘንድሮ ጉድ አፍርቷል፤ እሷ አልደረሰችበትም እንጂ።

ሹሩባ ነው የምሠራው። ቀጭን አታድርጊው፣ ወፈር ወፈር ያለ ይበቃኛል። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ፀጉር ነውና ቀስ እያልሽ ፍቺልኝ። እሁድ የአክስቴ የማንጠግቦሽ ሙት ዓመት አይደል? ጠዋት ፍትሐት አለ፣ ከዚያ መቃብሯ እንሄዳለን፣ ከዚያ እኔም ከሌን አወልቃለሁ። ልጇ ሆኜ አይደለም… ያው ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ አጠገቧ የነበርኩትም እኔ ስለሆንኩ ነው። ልጅ ያልሆነ ከል አይልበስ የሚል ሕግ የለም መቼም።

ውይ፣ ደንበኛ አለሽ ለካ። እንደምን ዋልሽ እህቴ? … አትሰማኝም። ካስክ ስር የገባ ሰው ምን ይሰማል፣ ወፍጮ ቤት እንደመቀመጥ ነው። ያማረ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ለከተማችን እንግዳ ሳትሆን አትቀርም፣ የዚህ አገር ሰው አትመስልም። በይ እሷ ፀጉሯን ታድርቅ፣ እኛ የራሳችንን እናውራ። እኔም ድምፄን ከፍ ላድርግልሽ፣ ካልሆነ አንሰማማም።

አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ባነር አይተሽዋል? «እንግሊዛዊቷ የመድረክና የፊልም ተዋናይት በአሶሳ» ይላል። ከባጃጅ ላይ ሆኜ አነበብኩት። እንግሊዛዊቷ… ደስ አይልም? ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ መሆኗን፣ የማን ልጅ እንደሆነች አልጻፉም። ጨርቁ አልበቃ ብሏቸው ይሆናል። ዋናው ነገር ፎቶዋ ትልቅ ሆኖ ወጥቷል፤ እናቷ፣ አክስቴ፣ ብታየው ግን ማን ናት ብላ ትጠይቀኝ ነበር።

እኔና እሷ እኮ በአንድ ጣራ ስር ነው ያደግነው። የኔ እናት ሰፈራ በገቡበት ክረምት በወባ ስትሞት፣ አክስቴ ናት ገና ጡት ሳልጥል አንስታ የወሰደችኝ። አንዱን ጡት ለልጇ፣ አንዱን ለእኔ ሰጥታ አሳደገችን። ትምህርት ቤት ስንገባ የድራማ ክበብ ነበረን፤ ንግሥት የምትሆነው ሁልጊዜ እሷ ናት፣ እኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ቃሉ ሲጠፋት አቀብላታለሁ። አንዳንዴ አቀብያትም አትሰማኝም። ያኔ ምን የምታደርግ ይመስልሻል? ታለቅሳለች። ወላጅ ሁሉ አብሯት ያለቅሳል፣ መምህሩም ያለቅሳል። ቃሉ ጠፍቷት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ዛሬ ላንቺ ከመናገሬ በቀር።

ከዚያ ከባህል ቡድን ጋር ለሁለት ሳምንት ብላ ለንደን ሄደች። ሁለት ሳምንት… እዚያ አገር ሳምንቱ ረዘም ይላል መሰለኝ። እኛም ስንቆጥር ቆይተን ተውነው።

መጀመሪያ ፊልም ላይ የሠራችው ሬሳ ሆና ነው። አትሳቂ ሐኒ፣ ቀላል እንዳይመስልሽ። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ እያረፈ እንኳ ንቅንቅ አላለችም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያስነጥሰው ነበር። ቀጥሎ የሐኪም ቤት ድራማ ላይ አልጋ የምትገፋ ነርስ ሆነች። ፊቷ አይታይም፣ እጇ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛም በእጇ አውቀናት እልል አልን። ከዚያ ስደተኛ ሆና ጀልባ ላይ ሞተች። ከዚያ የልጆች እናት ሆና በረሃብ ሞተች። እንግሊዞች ሰው መምረጥ ይችሉበታል… እንደሷ ሞት የሚያምርበት ሰው ከየት ያገኛሉ?

የረሃቡን ፊልም አክስቴ ጎረቤታችን ጋሽ ባቢከር ቤት ነው ያየችው፣ ዲሽ ያለው እሳቸው ጋ ነው። እሷ ደግሞ ከዚያ ረሃብ አምልጣ፣ በጭነት መኪና ተጭና ነው እዚህ አገር የገባችው፤ የቀበረችውን ቀብራ። ልጇ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከንፈሯ ደርቆ፣ አይኗ ፈጦ ስትሞትባት ብታይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን መምታት ጀመረች። ሁላችንም ተረባርበን ያዝናት፣ አልቻልናትም። ወዲያው ለንደን ደወልን። ልጅቱ ሳቀች፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ ነው አለቻት። አክስቴም አብራት ሳቀች፣ ምን ታድርግ? ግን ከዚያ ወዲያ ልጇ ያለችበት ፊልም በመጣ ቁጥር ቀድማ በዚህኛውስ ትተርፍ ይሆን እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ትተርፋለች እላታለሁ፤ ከመሞቷ በፊትም ቴሌቪዥኑን አጠፋዋለሁ።

በደንብ ሳቢው፣ አያመኝም።

አምና አክስቴ አልጋ ላይ ስትውል ለልጇ ደወልኩላት። ትያትር ላይ ናት። ምን ዓይነት ትያትር ቢሆን ጥሩ ነው? እናቷ የሞተችባት ልጅ ታሪክ። ዋናዋ ተዋናይት እሷው ናት፣ ሥራውን ጥላ መምጣት አትችልም፣ ተተኪ የለኝም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምን ታድርግ? እዚያ ተተኪ የላትም። እዚህ ግን እኔ ነበርኩላት… አላጣችም። አገላብጬ አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ፣ ሌሊት የልጇን ስም ስትጠራ እኔ አቤት እላለሁ።

አክስቴ ያረፈች ዕለትም ደወልኩ። ስታለቅስ ሰማኋት። ውሸት አላወራም፣ አልቅሳለች። ትንሽ ቆይታ ግን ለቅሶውን በስልክ ቅረጪልኝ አለችኝ። እኔ ሞኟ ምን መሰለኝ? ሩቅ አገር ሆና፣ እሱን እያየች እርሟን ልታወጣ ነው አልኩ። በግራ እጄ ስልኩን ይዤ፣ በቀኝ እጄ ደረቴን እየመታሁ ቀረጽኩላት።

ሰነባብቶ ከትያትሩ የተቀነጨበ ቪዲዮ ላከችልኝ። እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና፣ ወደ ጎን ዘመም ብላ ታለቅሳለች። አየሁት፣ ደግሜ አየሁት… ሐኒ፣ እኔ ነኝ። ዘመም ያልኩት እኮ ስልኩ እንዳይወድቅብኝ ነው። እሷ ስልክ ሳትይዝም እንደኔው ዘመም አለች። ድምፄ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሲያልቅ ፈረንጁ ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበላት፣ ቆይቶም ሽልማት ሰጧት። ይገባታል። እኔ ባለቀስኩበት ጊዜ ማን አጨበጨበልኝ? ያጠናችውን ደግሞ አሳምራ ነው ያጠናችው፤ ልጅ ሆነን እንኳ እንዲህ አጥንታ አታውቅም። ግን ያን ቀን ከፋኝ። ላንቺ ምን እደብቅሻለሁ፣ በጣም ከፋኝ።

አንቺ ከተሜ ስለሆንሽ ታውቂው እንደሁ እንጃ፣ በእኛ ወግ ቀብር ያልደረሰ ልጅ እርሙን ማውጣት አለበት። ዓመትም ቢያልፍ፣ ሲመጣ ከግቢው በር ጀምሮ እያለቀሰ ይገባል፣ ጎረቤትም ሬሳው ዛሬ እንደወጣ ሁሉ ተሰብስቦ ያላቅሰዋል። ማክሰኞ ትመጣለች ሲባል መንደሩ ሥራውን ፈታ። እኔም ግቢውን ጠርጌ፣ አጎዛ አንጥፌ ጠበቅኋት።

መጣች። ከመኪና ወረደች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ እሱን አልረሳችውም። ከበሩ ጀምሮ አለቀሰች። ሐኒ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ደረቱን ያልመታ ሰው አልነበረም። ለቅሶው የኔ ነው፣ አውቄዋለሁ። ግን ይሁን አልኩ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ አክስቴ ግቢ ተመልሶ መጣ አልኩ። ቂሜን ሁሉ ረሳሁት። ላቅፋት እጄን ዘርግቼ ተነሳሁ…

ቀና አለች። እንባዋን ጠረግ አድርጋ አብሯት የመጣውን ባለካሜራ አየችው። ራሱን ነቀነቀ። ፀሐዩ ከጀርባዋ ሆኖ ፊቷ ጠቁሮ ነበር አሉ። እሷም ወደኛ ዞረች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ ከበሩ እንደገና ልግባ» አለችን።

አስተዳደጓ ነው… ሳትጠይቅ አልወጣችም። እንግዳ እንዴት እምቢ ይባላል? ሄደች፣ ካሜራው ቦታውን ቀየረ፣ ገባች። ከመጀመሪያው አብልጣ አለቀሰች። እኛም ምን እናድርግ፣ ደረታችንን መታን። ጋሽ ባቢከር አጠገቤ ተቀምጠው ዱዓቸውን ጨርሰው ነበር፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ማንጠግቦሽ ሁለት ጊዜ ሞተ እንዴ?» አሉኝ። አማርኛቸውን ታውቂው የለ፣ በቤርቲኛ ነው ያደጉት፣ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርጉታል። ቀልደውም አይደለም፣ የምራቸውን ነው የጠየቁኝ።

ነገ እንግዲህ አዳራሹ ነው፣ የሷ ፊልምም ይታያል፣ ካባም ያለብሷታል። ቅዳሜ አውሮፕላኗ ነው። እሁድ ሙት ዓመቱ ነው… ቀኑን አታጣውም፣ ነግሬያታለሁ፣ ለንደን ልምምድ አለባት። የእናቷ መቃብር ጋ? እስካሁን አልሄደችም። ዛፍ የለውም መቼም፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የሚመታው፤ ፊት ግን በደንብ ያወጣል። እንዲያውም ይሄን ብነግራት ሳትሄድ አትቀርም ነበር።

እኔ እንኳ አንድ ቀን ብትቆይ ብዬ ነበር። ያለ ካሜራ። ማልቀሱም ይቅር፣ ዝም ብላ አፈሩ ላይ ብትቀመጥ ይበቃኝ ነበር። አክስቴ እስከመጨረሻዋ ቀን አልጋዋን በሩ ትይዩ አስደርጋ፣ በሩን ገርበብ አስደርጋ ነው የተኛችው። ልጄ ስትመጣ እንዳታንኳኳ ትለኝ ነበር። እኔም ክረምቱ ሙሉ ዝናብ እየገባብን አልዘጋሁትም።

ምነው ሐኒ፣ ትከሻዬን ጎሸም አደረግሽኝ እኮ። ምን? … መብራት? መብራት የለም? ከመቼ ጀምሮ? እኔ ስገባ ነው የጠፋው? ኧረ በእናትሽ! ታዲያ ይቺ እንግዳ እስካሁን የጠፋ ካስክ ስር ነው ያለችው? እኔ እኮ ያንን ጩኸት አልፎ እንዲሰማሽ ብዬ ነበር ድምፄን ከፍ ያደረግኩት… አሁን ሳስበው ጩኸትም አልነበረም ለካ።

ይቅርታ እህቴ። የቤተሰብ ወሬ ነው፣ አንቺ ሰዎቹን አታውቂያቸውም። መነጽርሽን አታውልቂ ግድ የለም፣ ያምርብሻል። … እያለቀስሽ ነው እንዴ? እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም፣ የማንንም አይመስልም። የሚቀርጽልሽ ሰው እንኳ አጠገብሽ የለ። ሐኒ፣ ከማንጎው አንዱን ስጫት፣ ዛፉን የተከለችው እናት ደስ ይላታል።

ልጅ አለሽ እህቴ? … ሴት? እሷም ትያትር ትማራለች? እሰይ፣ እንኳን ካንቺ ወጣች። ምረቃ ከእንግዳም ቢሆን ይደርሳል፣ እንግዲህ አሜን በይ። እግዜር ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጥሽ። አልጋሽ በሩ ትይዩ ይሁንልሽ። አንቺ ለእናትሽ የሆንሽላትን ሁሉ፣ ልጅሽ አንድም ሳታጎድል ትሁንልሽ።