የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ማር

ቦንጋ መናኸሪያ ዝናብ ካስጠለላቸው መንገደኞች አንዱ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። በመንደራቸው በማንኪራ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው፤ ዛሬ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ለገዛ ልጃቸው ሊለምኑ ተነሥተዋል። ከእግራቸው ሥር ነጭ ማር የሞላ ጄሪካን አለ።

አጠገባቸው የተጠለለችው የጎረቤታቸው ልጅ ትሕትና ናት፤ ራቅ ባለ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

«ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ልጄ ኢያሱ መምህርነት በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ለጓደኞቹ መልስ ሲያቀብል ተይዞ፣ ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቅረብ ተባለ። ሊያባርሩብኝ ነው! አንተ ቤት ተቀመጥ፣ እኔ እበቃለሁ ብዬው ወጣሁ።»

«መልሱን ለምን ሰጣቸው?»

«ለምን ይንፈጋቸው? እኛ ማሳ የምናርመው በዳዶ ነው፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። መንግሥትስ ራሱ አንድ ለአምስት ተደራጁ፣ ተረዳዱ ብሎ የለ? እሱ የአምስቱ መሪ ነው። የታዘዘውን ቢሠራ ምን አጠፋ?»

ክርክሩ በዋዛ የሚጣል አልነበረም፤ ትሕትናም አልናቀችውም።

«ጥናቱን በዳዶ ያጥኑ፣ እሰየው። መረዳዳቱ ግን እስከ ፈተናው በር ነው። ነገ አምስቱም መምህር ሆነው በየወረዳው ሲበተኑ፣ ኢያሱ ከየትኛው ጎን ቆሞ ያቀብላል?»

ሽማግሌው ሌላ መንገድ ሞከሩ።

«እሺ፣ አጥፍቷል። ሽማግሌ የሚላከውስ ለዚሁ አይደል? እናንተ የተማራችሁት ይቅርታ አታውቁም!»

«እርስዎ በዳይ በሌለበት ያስታርቃሉ?»

«ምን ሲደረግ!»

«ጥፋቱን ሳያምንስ?»

«ያላመነ ምኑ ይታረቃል?»

«ኮሚቴውም እንደዚሁ ነው። ክሱን ያሳውቀዋል፣ ምስክር ይሰማል፣ የእሱንም ቃል ይቀበላል። ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ነው፤ ካልተዋጠለትም ይግባኝ ይላል። ካልቀረበ ግን በሌለበት ይወሰንበታል።» ወደ ጄሪካኑ አየት አደረገች። «ማሩስ ለማን ነው?»

«ለሰብሳቢው ነዋ! ባዶ እጄን ልሂድ?»

«ከተጣሉት አንዱ በሽምግልናው ዋዜማ ማር ይዞልዎት ቢመጣስ?»

«ከነማሩ ነው የማባርረው!» ብለው ተቆጡ። ወዲያው አፋቸውን ያዙ። በሸመገሉበት ዘመን ሁሉ የባለጉዳይ ነገር ቀምሰው አያውቁም፤ የሚኮሩትም በዚሁ ነበር። በጣም አፈሩ።

ዝናቡ አባርቶ ረዳቱ መንገደኛ ሲጠራ፣ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ጄሪካናቸውን አንሥተው ወደ ማንኪራ ተመለሱ።

ሰኞ አባትና ልጅ አብረው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዱ። አባትየው ደጅ ቀሩ፤ ኢያሱ ብቻውን ገብቶ «አጥፍቻለሁ» አለ። አንድ ዓመት ታገደ እንጂ አልተባረረም። ዓይኑ ቀልቶ ሲወጣ አባቱ አቅፈው ተቀበሉት፤ ይሁንና ፍርዱን የሚነቅፉበት አላገኙም።

የእንዲህ ያለ ደንብ ጥቅም ቅጣቱ ትኩስ ሳለ አይታይም። አምሽቶ ያጠናው ልጅ ውጤቱ ከተኮረጀው ይለይለታል። የተከሰሰውም በአሉባልታ አይወድቅም፤ የሀብታሙና የማር ቆራጩ ልጅ እኩል ይጠየቃሉ። ዲግሪውንም ያየ ሰው ያምነዋል።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስና ልጃቸው ማንኪራ ሲደርሱ፣ ወሬውን በስልክ የሰሙት ባለቤታቸው አልጋነሽ ደጅ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር።

«ማሩን እዚሁ ትተውት ሄደው፣ ታዲያ ምን ሰጥተዋቸው ነው ልጄን ያላባረሩት?»

«ልጅሽን» አሉ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ፤ «ራሱን ነው የሰጠኋቸው።»